ማን ገዛ? ማንስ ቀረ?

ከክፍል ጓደኞቼ አንዳንዶቹ ፕሮዳክት ማኔጀር፥ ይኸውም አንድን ምርት ከአሳቡ አንሥቶ ገዢው እጅ እስኪገባ የሚመራ ሰው፥ ለመሆን ይመኛሉ። ስለ ሥራው ሲጠየቁ ግን የሚያነሡት ኮምፒዩተርንና ደመወዝን ነው። እንደ እኔ አሳብ የሙያው መጀመሪያ ምርቱ ለማን እንደ ሆነ አጥብቆ መጠየቅ ነው።

ምስክሩ እዚሁ አጠገባችን አለ። ሁሩታችን በነበረችበት በጭላሎ አውራጃ፥ በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን እርዳታ ካዱ የተባለ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። አሳቡ ለአነስተኛው ገበሬ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ማድረስ ነበር። የስንዴው ምርትም በእርግጥ ጨመረ። ነገር ግን ትርፉን ያዩ ብዙ ባለርስቶች ትራክተር አስገብተው ጭሰኞቻቸውን ከመሬት አስነሡ። የጭሰኝነት ሕግ ይሻሻላል ተብሎ ሲጠበቅ፥ ሕጉ ሳይወጣ ዘውዱ ወደቀ።

ዘሩ መልካም ነበር፤ መሬቱ ግን የአራሹ አልነበረም። (ዛሬ ተቀምጦ ይህን መናገር ለእኔ ቀላል ነው።) ሆኖም የሥራው መሪ ስንት ኩንታል ተሸጠ ከማለቱ በፊት፥ ማን ገዛ፥ ማንስ ቀረ ብሎ በየጎጆው መጠየቅ ነበረበት።

ስለዚህ መምህሮቻችን በገበያ ቀን ደብተር አስይዘው ወደ ገበሬው ቢልኩን እለምናለሁ።