ንብን ፍሪጅ ውስጥ ስለ ማስገባት

ነፍሳትን በቅርብ ፎቶግራፍ የሚያነሡ ጓደኞች ቁጥር እየበዛ መሄዱ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ከእነርሱ አንዳንዶቹ ንቧ እንዳትንቀሳቀስባቸው አስቀድመው ፍሪጅ ውስጥ ይከቷትና ከደነዘዘች በኋላ አበባ ላይ አስቀምጠው ያነሧታል። ይህን ልማድ እቃወማለሁ።

ችግሩ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። ንቧ 24 በ36 ሚሊሜትር በሆነ ሴንሰር ላይ በእውነተኛ መጠኗ ስታርፍ፥ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ ቢሆን፥ ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። መጠኗን እጥፍ ብናደርገው ወደ 0.4 ሚሊሜትር ይወርዳል። ሠራተኛ ንብ ግን ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር ትረዝማለች፤ ስለዚህ ዓይኗ ሲጠራ ክንፏ ይደበዝዛል። ‹‹ቀዳዳውን አጥብበው›› የሚል መካሪ አይጠፋም። በዚህ ቅርበት ግን ኤፍ 16 የተባለው በሥራ ላይ ኤፍ 32 ነው፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን፥ ጥልቀቱ ሲጨምር መላው ምስል ይፈዛል። ከኤፍ 11 ማለፍ ትርፉ ጥቂት ነው።

ሌላው መንገድ ትኩረቱን በጥቂት በጥቂቱ እያራመዱ 20 ወይም 30 ጊዜ አንሥቶ የጠራ የጠራውን በኮምፒዩተር ማዋሐድ ነው። ለዚህ ፍጹም እርጋታ ያስፈልጋል፤ ፍሪጁም የገባው በዚህ በር ነው። በመርፌ ለተሰካ የሙዚየም ናሙና ዘዴው እጅግ ይጠቅማል፤ አልነቅፈውም። ስለ ደነዘዘችው ንብ ግን ‹‹ኋላ ትነቃለች›› ይሉናል። ብትነቃስ? ያን ፎቶግራፍ አይቶ የሚያጠና ተማሪ ንብ አበባ ላይ እንዴት እንደምትቆም በሐሰት ተማረ።

ደግሞስ ሁሉም ካልጠራ የምንለው ለምንድን ነው? ዓይኗ ከጠራ ተመልካች የቀረውን ይቅር ይላል። ካሜራውን ከጎኗ ትይዩ አድርጎ መያዝ ያችኑ 1 ሚሊሜትር በአካሏ ርዝመት ላይ ያነጥፋታል፤ አጭር የፍላሽ ብርሃንም የእጅን መንቀጥቀጥ ይሸፍናል። መስከረም ላይ በማለዳ አደይ አበባ መካከል የሚሄድ ሰው፥ ፀሐይ ሳይሞቃቸው ቅጠል ላይ ያደሩ ነፍሳት ያገኛል። ብርዱ ያደነዝዛቸዋል፥ እግራቸውን ያስቀመጡት ግን ራሳቸው ናቸው።

ፎቶግራፍ በየግድግዳው የምትሰቅሉ ወንድሞችና እኅቶች፥ ከሥሩ አንድ ቃል ጨምሩልን፤ ንቧ በሕይወቷ ናት፥ ደንዝዛለች ወይስ ሞታለች?