ስለ ሎዛ አበራ የእግር ኳስ ሥራና ስለ ጎጃም ልጃገረዶች

ሰው በተፈጥሮ ያገኘው ችሎታ ፍሬ የሚሰጠው ችሎታውን አይቶ የሚያሳድግለት ሥርዓት ሲኖር ነው። ይህም በቅርብ ዓመታት ኢትዮጵያዊቱ የእግር ኳስ አጥቂ ሎዛ አበራ በሠራችው ሥራ ተገልጦ ይታያል።

ሎዛ አበራ የተወለደችው በከምባታ አገር በዱራሜ ከተማ ነው። በሐዋሳና በደደቢት ክለቦች ተጫውታ ግብ በማግባት ስሟ ከታወቀ በኋላ፤ በ2012 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ባሕር ተሻግራ በማልታ ለቢርኪርካራ ክለብ ተሰለፈች። ይህች ደሴት በሐዋርያት ሥራ መላጥያ የተባለችው፤ ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የተጠጋባት ናት። በዚያም 30 ግብ አግብታ ከሊጉ ግብ አግቢዎች አንደኛ ሆነች፤ ክለቧም ዋንጫውን ወሰደ። ወደ አገሯ ተመልሳ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ስትጫወት፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በኬንያ በተደረገው የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ክለቦች ውድድር 13 ግብ አስቆጠረች፤ ባንኩም እስከ ፍጻሜው ደርሶ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ወዳለው ዲሲ ፓወር ክለብ ሄደች።

ነገሩ እንደ ተራ ጨዋታ የሚናቅ አይደለም። በዚያው በ2016 ዓ.ም. ዛምቢያዊቱ አጥቂ ራሼል ኩንዳናንጂ ከስፔን ወደ አሜሪካ ስትዛወር 735 ሺህ ዩሮ ተከፍሎባታል፤ ይህም እስከዚያ ቀን ድረስ ለሴት ተጫዋች ዝውውር ከተከፈለው ሁሉ የበለጠ ነበር። ገንዘቡ ለለቀቃት ክለብ የሚገባ ቢሆንም፤ የአፍሪካ ልጃገረድ ችሎታ በዓለም ገበያ ምን ያህል እንደሚፈለግ ያስረዳል።

ነገር ግን የማልታ ሰዎች ዱራሜ ድረስ መጥተው ሎዛን አልፈለጉም። አስቀድሞ በአገሯ ደመወዝ የሚከፍላት ክለብ፤ ግቧንም ቆጥሮ የሚመዘግብ ሊግ ስለ ነበራት ስሟ ሊሻገር ቻለ። ደረጃው ከታች ካልተሠራ ከላይ የሚደርስ የለም።

ከዚህ ተነሥቶ የጎጃምን ደጋ መመልከት ይገባል። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው ገጠር ኮረብታ መውጣት፤ ውሃ መቅዳት፤ ሩቅ መንገድ በእግር መሄድ የልጃገረዶች የዕለት ሥራ ነውና ጉልበትና ትንፋሽ አልጐደለም። የጐደለው ጊዜ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፤ በኋላም የክልሉ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመት ቢወስኑም፤ ያለ ዕድሜ የሚዳሩት ልጆች ብዙዎች ሆነው ኖረዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ስለ ተዘጉ፤ ልጅቱን ይጠብቃት የነበረው አጥር ላልቷል። ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ ቶሎ ትታጫለች፤ የተዳረችውም ወደ ደብተሯም ሆነ ወደ ሜዳ የምትመለሰው በጭንቅ ነው።

ልጃገረድ በአደባባይ መጫወቷ ከአገር ልማድ ውጭ ነው የሚሉ ይኖራሉ። ሆኖም ቅኔን ያህል ታላቅ ትምህርት የወንዶች ብቻ ይመስል በነበረበት ዘመን፤ ጎጃም ዓይነ ስውሯን የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አፍርታለች፤ ወንዶች ደቀ መዛሙርትም ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። ስለ ትምህርት ከወላጅ ቤት ወጥቶ ሩቅ አገር መሄድም ለቅኔ ተማሪ አገር እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት የተዘጋው ትምህርት ቤት ተከፍቶ ለሴቶች ልጆችም የጨዋታ ሰዓትና ሜዳ እንዲኖረው፤ የልደት ምዝገባም በእውነት እንዲጻፍ ሊተጉ ይገባል። ካህናትም ኳስ ይባርኩ የሚላቸው የለም፤ ነገር ግን ጋብቻ የሚጸናው በእነርሱ ቡራኬ ነውና፤ ሙሽራይቱን ከመባረካቸው በፊት ዕድሜዋን ይጠይቁ። መክሊቷን ሳትነግድበት የቀበረች ልጅ ብትገኝ፤ የሚጠየቀው ጉድጓዱን የቆፈረላት ሰው ነው።