ስለ ኪስ ባትሪ አመራረጥ

ሌሊት ከቤት ወደ ደጅ የሚወጣ ሰው በአባቶቻችን ዘመን የሚይዘው ጧፍ ወይም ኩራዝ፣ ከዚያም ወዲህ ፋኖስ ነበረ። ዛሬ ግን ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጥ፣ በኮት ኪስ የሚገባ የእጅ ባትሪ በየሱቁ ተደርድሮ ይታያል። ዋጋውም እጅግ የተራራቀ ነው፤ አንዱ በአንድ ምሳ ዋጋ ሲሸጥ ሌላው የአንድ ጥሩ ጫማ ዋጋ ይጠየቅበታል። መልካቸው ተመሳሳይ በመሆኑ ገዢው በምን ለይቶ እንዲመርጥ ይቸገራልና፣ በዛሬው ዓምዳችን ስለዚሁ ነገር ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ልናስረዳ ወደድን።

አንዳንዶች «ስልኬ መብራት አለው፤ ሌላ መብራት መግዛት ገንዘብ ማባከን አይደለምን?» ይላሉ። ነገሩ ጥቂት እውነት አለበት። ከጠረጴዛ ሥር የወደቀ ቁልፍ ለመፈለግ የስልክ መብራት ይበቃል። ዳሩ ግን የስልክ መብራት ወደ ዙሪያው ይበተናል እንጂ ወደ ሩቅ አይሄድም፤ ጥቂት ርምጃ እልፍ ካለ በኋላ ጕድጓዱን ከጥላው ለይቶ አያሳይም። ከዚህም በላይ በጨለማ መንገድ አንድ ክፉ ነገር ቢደርስ ስልኩ የሚፈለገው ሰው ለመጥራት ነው። ኀይሉ በመብራት ካለቀ ብርሃኑም ጠሪውም በአንድ ጊዜ ጠፉ ማለት ነው። የኤሌክትሪክ መብራት በጠፋ ማታ መላው ቤተ ሰብ በአንድ ስልክ ዙሪያ ሲሰበሰብ ያየ ሰው ይህን ክርክር አያበዛም።

የእጅ ባትሪ እንግዳ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. በጥር ወር ዴቪድ ሚዝል የተባለ ፈልሳፊ በአሜሪካ አገር የፈጠራ ባለቤትነት ወረቀት ተቀብሎበታል። በዚያን ጊዜ የነበረው ድንጋይ ደካማ፣ አምፖሉም ብዙ ኀይል የሚበላ ስለ ነበረ፣ ለጥቂት ጊዜ ብልጭ ተደርጎ ይጠፋና ድንጋዩ እስኪያርፍ ይጠበቅ ነበር፤ አሜሪካኖች «የብልጭታ መብራት» የሚል ስም ያወጡለትም ስለዚህ ነው። በዛሬው ውስጥ ግን አምፖሉ ቀርቶ ኤል ኢ ዲ የምትባል፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ብርሃን ሰጪ ቅንጣት ገብታበታለች። ቀይ ብርሃን የምትሰጠውን በ1962 ዓ.ም. ኒክ ሆሎኒያክ የተባለ አሜሪካዊ ሠራት። ነጭ ብርሃን ለማግኘት ግን ሰማያዊዋ ታስፈልግ ነበርና፣ ለዚህች ብዙ የደከሙት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የተባሉ ሦስት የጃፓን ተወላጆች በ2014 ዓ.ም. የኖቤልን የፊዚክስ ሽልማት ተቀበሉ። በሰማያዊዋ ላይ ቢጫ የሚያበራ ቅመም ይቀባባታል፤ ሁለቱ ብርሃኖች ሲቀላቀሉ ለዐይናችን ነጭ ሆነው ይታያሉ። የቀድሞው አምፖል ከሚበላው ኤሌክትሪክ የሚበዛውን ወደ ሙቀት ይለውጥ ነበር፤ ይህች ግን በአንድ ዋት ኀይል 100 ሉመንና ከዚያም በላይ ትሰጣለች።

ሉመን ማለት የብርሃን መስፈሪያ ነው፤ እህል በቁና እንደሚሰፈር ሁሉ የባትሪም ብርሃን በሉመን ይሰፈራል። አንድ ሻማ 12 ሉመን ያህል ይሰጣል። ገዢውም የሚታለለው በዚህ ቍጥር ነው። በመዳፍ ተጨብጦ በሚያልቅ ባትሪ ካርቶን ላይ «100,000 ሉመን» ተብሎ ተጽፎ ቢያገኝ፣ አንባቢያችን ከላይ የጻፍነውን ስሌት ያስታውስ። በአንድ ዋት 100 ሉመን የሚገኝ ከሆነ፣ ለ100,000 ሉመን 1,000 ዋት ያስፈልጋል፤ ይህም አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚበላው ያህል ነው። ምድጃ በኪሱ ይዞ የሚሄድ ሰው እስካሁን አላየንም። ለዕለት ሥራ በቤት ውስጥ ከ5 እስከ 20 ሉመን፣ በእግር መንገድ ከ50 እስከ 150 ሉመን፣ ግቢን ለማሰስ 300 ሉመን ከበቂ በላይ ነው። ዐይናችንም እንደ ሚዛን አይቈጥርም፤ ብርሃኑ ሁለት እጥፍ ቢጨመር ሁለት እጥፍ ደምቆ አይታየውም። ስለዚህ በ300 እና በ400 ሉመን መካከል ስላለው ልዩነት ገንዘብ መጨመር ከንቱ ነው።

ከሉመን ቀጥሎ በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ርቀት ነው። በ2009 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የባትሪ ሠሪዎች የተስማሙበት ኤፍ ኤል 1 የሚባል የመለኪያ ደንብ ወጥቷል፤ ይህ ምልክት ያለበት ዕቃ ከሌለበት ይልቅ ይታመናል። ነገር ግን ደንቡ ራሱ መነበብ አለበት። «200 ሜትር» ተብሎ ሲጻፍ፣ በ200 ሜትር ላይ ያለው ብርሃን ከሙሉ ጨረቃ ብርሃን ጋር የሚወዳደር ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። በጨረቃ ብርሃን ሰው መኖሩ ይታወቃል፤ ማን መሆኑ ግን አይታወቅም። እኛ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ እንደ መኖራችን፣ ሌሊት ስለ ሆነ ነገር የሚመሰክር ሰው «በምን ብርሃን አየኸው? ምን ያህል ርቀህ ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ መስማት ልማዳችን ነው፤ ምስክርነቱም ብዙ ጊዜ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው በዚሁ መልስ ነው። እንግዲህ ፊት ለይቶ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የተጻፈውን ርቀት በግማሽና ከዚያም በታች ይቍጠረው። ስለ ልብስ ቀለምም እንዲሁ ነው። አንዳንዱ ባትሪ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ስለ ሆነ ቡኒውን ጥቁር፣ ቀዩን ግራጫ ያስመስላል፤ ሞቅ ያለ ነጭ የሚሰጠው፣ በካርቶኑም ላይ ሲ አር አይ 90 ወይም ከዚያ በላይ የተባለው፣ ቀለምን እንደ ቀን ብርሃን ለማሳየት ይቀርባል።

ስለሚበራበት ሰዓትም ደንቡ የሚቈጥረው ብርሃኑ ከመጀመሪያው ወደ አሥረኛ እጅ እስኪወርድ ድረስ ነው። ስለዚህ «10 ሰዓት ይበራል» የተባለው ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ደምቆ ቀሪውን ጊዜ ደብዝዞ ሊያሳልፍ ይችላል። ትንሽ አካል ሙቀቱን መሸከም ስለማይችል ብርሃኑን በራሱ መቀነሱ ጕድለት ሳይሆን ጥበቃ ነው፤ ሻጩ ግን ይህን አይናገርም።

አሁን ብዙ ገዢዎች ወደማይጠይቁት፣ እኛ ግን ከሁሉ ወደምናስቀድመው ነገር እንምጣ፤ ይኸውም ባትሪው ምን ያህል ዝቅ ብሎ ሊበራ ይችላል የሚለው ነው። አንዲት የምናውቃቸው እመቤት አማታቸውን በቤታቸው ይጦራሉ። ባልዮው ለእናታቸው አስበው ከገበያው ሁሉ ብርቱ የሆነውን ባትሪ ገዝተው ከራስጌያቸው አኖሩላቸው። አሮጊቲቱም በሌሊት ተነሥተው ባበሩት ጊዜ ብርሃኑ ከነጩ ግድግዳ ተመልሶ ዐይናቸውን ጋረደው፤ ሲያጠፉትም ጨለማው ከፊተኛው የባሰ ሆነባቸውና ደፍ ላይ ተሰናክለው ወደቁ። አጥንታቸው ባይሰበርም ከዚያ ሌሊት ወዲህ ብቻቸውን መነሣት ፈሩ። እመቤቲቱ ኋላ የገዙላቸው ባትሪ ዋጋው የፊተኛውን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን መጀመሪያ ሲነኩት የሚበራው በ3 ሉመን ነው። አሮጊቲቱ ዛሬ ማንንም ሳይቀሰቅሱ ወጥተው ይገባሉ።

የዚህም ምክንያት የታወቀ ነው። ሰው በጨለማ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሲቈይ ዐይኑ ጨለማውን ይለምዳል፤ ብርቱ ብርሃን ግን ይህን ልምድ በቅጽበት ያጠፋዋል። በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ መልሶ እስኪለምድ ይዘገያል። ስለዚህ ባትሪ በሚገዛበት ጊዜ ሲበራ የሚጀምረው ከዝቅተኛው ወይስ ከከፍተኛው ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ከከፍተኛው የሚጀምረው ለዘበኛ ይሆን እንደ ሆነ እንጂ ለቤተ ሰብ አይሆንም። በደጅ የሚመጣውን እንግዳ ፊት ለፊት በብርሃን መውጋትም ነውር ነው፤ ወደ ምድር አዘንብሎ ማብራት ሰውየውንም መንገዱንም ያሳያል።

ወደ ድንጋዩ ስንመጣ ነገሩ ሰፊ ነው፤ ጥፋትም የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በዚህ በኩል ነውና በትዕግሥት መመርመር ያስፈልጋል። በየሱቁ የሚገኘው ደብል ኤ የሚባለው ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ነው። ትልቁ በጎነቱ በገጠር ከተማ እንኳ በመንገድ ዳር ሱቅ መገኘቱ ነው፤ ስለዚህ ወደ ወረዳ ለሥራ የሚወጣ ሰው በዚህ የሚሠራ ባትሪ ቢይዝ አይቸገርም። ክፋቱ ደግሞ ማፍሰሱ ነው። ተራው ድንጋይ በመሳቢያ ውስጥ ወራት ሲቀመጥ ውስጡ ያለው መራራ ውሃ ይወጣና ብረቱን ይበላዋል፤ ባትሪው በሚፈለግበት ሌሊት ተከፍቶ ሲታይ ነጭ ዝገት ብቻ ይገኛል። ስለዚህ ለመጠባበቂያ የሚቀመጥ ባትሪ ድንጋዩ ከውስጡ ወጥቶ በጐኑ መቀመጥ ይገባዋል። አሮጌና አዲስ ድንጋይ አብሮ ማስገባትም ማፍሰሱን ያፋጥነዋል። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው ተመላልሶ የሚሞላው ነው። ኀይሉ 1.2 ቮልት ቢሆንም ለኤል ኢ ዲ ይበቃል፤ በመቶ የሚቈጠር ጊዜ ይሞላል፤ እንደ ተራው ድንጋይም በቀላሉ አያፈስም። ዋጋው ቢወደድም በአንድ ዓመት ራሱን ይከፍላል።

ሁለተኛው ወገን ሊቲየም አዮን ነው። 18650 የሚባለው ወፍራሙ ድንጋይ ስሙን ያገኘው ከልኩ ነው፤ ስፋቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው። ጥሩው በውስጡ 12 ዋት ሰዓት ያህል ኀይል ይይዛል፤ ይህም ከአንድ የሚሞላ ደብል ኤ አምስት እጥፍ ያህል ነው። ነገር ግን በዚህም ላይ ሐሰት ይጻፋል። በልባሱ ላይ «9,900 ሚሊ አምፔር ሰዓት» የሚል ቢገኝ ይተዉት፤ በዚህ ልክ የተሠራ እውነተኛ ድንጋይ ከ4,000 ያን ያህል አያልፍም። በቍጥሩ የዋሸ ሠሪ በጥበቃውም አይታመንም፤ ጥበቃው የጐደለ ሊቲየም ድንጋይም ሲሞላ ሊግልና ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ልባሱ የተቀደደውን፣ ያበጠውን ወይም የተጨፈለቀውን አለመጠቀም፣ በአልጋና በመጋረጃ አጠገብ አለመሙላት፣ ቤተ ሰቡ ተኝቶ ሳለ ሲሞላ አለማሳደር ይገባል። በኪስም ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ተራቍቶ መቀመጥ የለበትም። ከደብል ኤ ጋር በልክ የሚመሳሰል 14500 የሚባል ሊቲየም ድንጋይም አለ፤ ቮልቱ ግን ከእጥፍ ይበልጣልና፣ በባትሪው መመሪያ ላይ ካልተፈቀደ በቀር ማስገባት ዕቃውን ያቃጥላል።

ለልጆች መጫወቻ እየተባለ በቁልፍ መያዣ ላይ የሚንጠለጠለው፣ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ድንጋይ ያለበት ትንሽ መብራት ሕፃን ባለበት ቤት እንዳይገባ አጥብቀን እንለምናለን። ሕፃን ይህን ድንጋይ ቢውጠውና በጕሮሮው ቢጣበቅ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሥጋውን አቃጥሎ ሊበሳው ይችላል። ዋጠ ተብሎ ከተጠረጠረ እስኪነጋ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

የቀረው ቀላል ነው። ማብሪያው በጓንት ወይም በረጠበ ጣት የሚገኝ፣ በኪስ ውስጥ ግን በራሱ የማይበራ ይሁን፤ ብርቱ ባትሪ በኪስ በርቶ ቢቀር ጨርቅ ይለበልባልና፣ የሚቈለፍበት ብልሃት ያለው ይመረጣል። አካሉ አሉሚኒየም ሆኖ እንዳያዳልጥ የተጫረ ቢሆን፣ በኪስ ጠርዝ የሚያዝበትም መቆንጠጫ ቢኖረው መልካም ነው። አይ ፒ ኤክስ 4 የተባለው ከዝናብ ይድናል፤ አይ ፒ ኤክስ 7 የተባለው በ1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢወድቅ ይተርፋል። ለክረምት የፊተኛው ይበቃል።

እኛ ብንጠየቅ፣ በከተማ ለሚኖርና ማታ ለሚገባ ሰው በስልኩ ገመድ የሚሞላ፣ ከታወቀ ሠሪ የተገኘ ትንሽ ሊቲየም ባትሪ፤ ለመንገደኛና ለቤት ግን አንድ ደብል ኤ የሚገባበት፣ ከ5 ሉመን በታች ዝቅ የሚል ባትሪ እንመርጣለን። ሻጩ በቀን ብርሃን ሲያበራው ሁሉም ደካማ ይመስላልና፣ የሱቁን ጥግ ወይም ጓዳውን አስከፍቶ በጨለማ መሞከር ይገባል። መሐሉ ብቻ የሚያበራውን ትቶ፣ በዙሪያውም እግር የሚረግጥበትን የሚያሳየውን መውሰድ ነው። በአውሮፕላን የሚሄዱ አንባቢዎቻችን ደግሞ ትርፍ የሊቲየም ድንጋይ ወደ ጭነት በሚገባው ሻንጣ ማድረግ የተከለከለ መሆኑን አውቀው፣ ጫፉን ሸፍነው በእጅ ሻንጣቸው ይያዙት።