«ይገደል» ያለው ማነው?

ከአንበሳሜ ወደ ባሕር ዳር ልንሄድ ሚኒባሱ እስኪሞላ ተቀምጠናል። ከፊታችን ያለው ልጅ ስልክ ላይ አንድ ሽማግሌ «ይገደል!» አሉና ቪዲዮው አለቀ። ልጁ ጥርሱን ነክሶ ለጓደኞቹ ላከው።

ሙሉውን ቃለ ምልልስ እኛ አይተነዋል። ሰውዬው ያሉት «ይገደል የሚል ሽማግሌ፣ ሽማግሌ አይደለም» ነው!

አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከመሐል የቆረጠ ሰው ቪዲዮ አላሳጠረም፤ ሽማግሌውን ያላሉትን አስባላቸው እንጂ።

ጋዜጠኝነት ተምረን በዚሁ መቀስ እንጀራ የምንበላ ስለሆንን ሰበቡን እናውቀዋለን። «ጊዜው አጭር ነው» እንላለን። ውሸት! ዩቲዩብ የሾርትስን ጣሪያ ከ60 ሰከንድ ወደ 3 ደቂቃ ያሳደገው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። «ሙሉውን ሊንኩ ላይ እዩ» እንላለን። በዕለት ጥቅል የሚጠቀም ልጅ የሁለት ሰዓት ቪዲዮ በምኑ ይየው? ለእሱ ቁራጩ ሙሉው ነው።

ማሳጠር ነውር አይደለም። ነገር ግን ጥያቄውን ከነመልሱ፣ ዓረፍተ ነገሩን እስከ አራት ነጥቡ እንተወው። ተመልካች ይቀንሳል? ይቀንስ! ላይክ ነገም ይገኛል፤ በተቆረጠ ቃል የጠፋ ሕይወት ግን አይመለስም።