የጥምቀቱ ውኃና የመጋቢው አደራ

በየዓመቱ ጥር 10 ቀን ታቦታት ከመንበራቸው ተነሥተው ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። በብዙ ስፍራ ለበዓሉ ውኃ ይገደባል፤ ገንዳም ይሞላል። እንደ ጎርጎራ ባሉ የጣና ዳርቻ ከተሞች ለሚኖረው ምእመን ግን ውኃው ዘወትር በደጁ ነው። ስለሆነም በዚህ በዓል ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባናል፤ በዓመት አንድ ቀን ጸሎት የምናደርስበትን ውኃ በቀሩት ቀናት እንዴት እንይዘዋለን?

ቅዱስ መጽሐፍ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትም ሊጠብቃትም እንደሆነ ኦሪት ይነግረናል (ዘፍ. 2፥15)። ጌታችንም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ስለ መጋቢው ሲያስተምር፣ መጋቢ የንብረቱ ባለቤት አለመሆኑንና ሒሳብ የሚጠየቅበት ቀን መኖሩን አስገንዝቦናል።

የጣናስ ሒሳብ ምን ይመስላል? ከደቡብ አሜሪካ የመነጨው እምቦጭ በሐይቁ ላይ መታየቱ ከተገለጸ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ አረሙ በተለይ የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻውን ወርሯል። ሕዝቡ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. እንደተደረገው ባሉ ዘመቻዎች ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል፤ ድካሙም የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ የአረሙ ዘር በደለል ተቀብሮ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራና ግልገል አባይም ከተራቆተው ተዳፋት አፈሩን፣ ከማሳው ማዳበሪያውን ጠርገው ሐይቁ ውስጥ ሲያስገቡ አረሙ ምግብ ያገኛል። ነቢዩ ሕዝቅኤል ንጹሑን ውኃ ጠጥተው የተረፈውን በእግራቸው ስለሚያደፈርሱ በጎች የተናገረው ወቀሳ (ሕዝ. 34፥18-19) የሚመለከተን በዚህ ነው። ከላይ ያለው እርከን ሳይሠራ ሲያርስ፣ ከታች ያለው ወንድሙ የደፈረሰውን ይጠጣልና።

የዓሣውም ነገር እንዲሁ ነው። ነጭ ዓሣ በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞቹ ይወጣል። በዚያን ጊዜ በወንዙ አፍ መረብ መዘርጋት የከርሞውን ሲሳይ ከነዘሩ ማጥፋት ነው። ወፍን ከነጫጩቷ መውሰድን የከለከለው የኦሪት ሕግ (ዘዳ. 22፥6-7) ለዓሣውም ትምህርት ይሆነናል። ይህን ስንል የዓሣ አጥማጁ ቤት የሚተዳደረው በመረቡ መሆኑን አንዘነጋም። ለጋራ ጥቅም ብሎ መረቡን የሚያነሣ ሰው ብቻውን ሊራብ አይገባውም። በእነዚያ ወራት ሰበካ ጉባኤው፣ የጽዋ ማኅበሩና ዕድሩ ሊደግፉት ግድ ይላል። መጋቢነት የሰውን ጎተራ ሳይመለከት ሐይቁን ብቻ ቢመለከት ከንቱ ነውና።

እኛ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችም ከወቀሳው ነፃ አይደለንም። በጎርጎራዋ ደብረ ሲና ማርያም፣ በደሴቶቹ ገዳማትም ቅጽር ውስጥ ጥንታዊ ዛፎች ቆመው የምናያቸው ምእመኑ የእግዚአብሔር ቤት ነው ብሎ ስለሚያከብራቸው ነው። ከቅጽሩ ውጪ ያለው ደን ሲጨፈጨፍ ግን ብዙዎቻችን አልገሠጽንም። እግዚአብሔር የሚገዛው እስከ ግንቡ ድረስ ብቻ የሆነ ያህል አስተምረናል። መዝሙረኛው ግን ምድርን በሞላ ለፈጣሪዋ ይሰጣል (መዝ. 23፥1)።

ጎርጎራ በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው በገበታ ለሀገር ከተመረጡት ሦስት ስፍራዎች አንዷ ናት። እንግዳው የሚመጣው ሐይቁን ብሎ ነው፤ ሐይቁ ከጠፋ ደግሞ የሚያማምሩት ሕንፃዎች ብቻቸውን አያስመጡትም።

እንግዲህ ታቦታቱ ወደ መንበራቸው ሲመለሱ ሥራችን ይጀምራል። በዳርቻው የጣልነውን የላስቲክ ኮዳ በመልቀም እንጀምር። የንስሐ አባቶችም ስለ እርከኑ፣ ስለ ዛፉና ስለ መረቡ እንደ ሌላው ምግባር ሁሉ ልጆቻቸውን ይጠይቁ። ቅጽራችንን እስከ ውኃው ዳር እናስፋ፤ የመጋቢው ሒሳብ የሚጠየቀው ከዚያም ላለው ነውና።

መልካም የጥምቀት በዓል!