«ዲዛይነር የለንም» ማለት ይብቃ

ፕሮዲውሰሮቻችን የአማርኛ ፊልም ድክመት ሲነሳባቸው ከሚሰጧቸው መልሶች አንዱ «ባለሙያ የለንም» የሚል ነው። የፊልሙን ዓለም፣ ቤቱንና ጎዳናውን፣ ዕቃውንና ቀለሙን አስቦ የሚቀርጸው ፕሮዳክሽን ዲዛይነር ሲጠቀስማ፣ ይህ መልስ ክርክር እንደማያሻው እውነት ይነገራል። እኔ አልቀበለውም። ሰው አለ። የጠፋው ያ ሰው የሚያድግበት መንገድ ነው፤ መንገዱን የዘጉትም «የለም» እያሉ የሚያማርሩት ናቸው።

አሠራራችንን እንመልከት። ስክሪፕቱ ያልቃል፣ ተዋንያን ይመረጣሉ፣ ካሜራ ይከራያል። ቀረጻው ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩ አንድ ወጣት ይጠራና «አርቱን አንተ ያዝ» ይባላል። ንድፍ አምጣ የሚለው የለም፤ ቢለውም ጊዜ የለም። ለሥራው የተለየ በጀት አይያዝም። የሚጠበቅበት መጋረጃ መዋስ፣ ሻንጣ ማፈላለግ፣ አንዳንዴም አልባሳቱንና ኮንቲኒዩቲውን ደርቦ መሥራት ነው። የሚቀረጽበትን ቤት እሱ አይመርጥም፤ የሚመረጠው ባለቤቱ ፈቃደኛ ስለሆነና ኪራዩ ስለተቻለ ነው። የቤት ዕቃውን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ስፖንሰሩ ነው፦ የፈርኒቸር ድርጅቱ ሶፋና አልጋ ያውሳል፣ ስሙ በምስጋናው ዝርዝር ይወጣል። በዚህ ምክንያት ጡረተኛው አስተማሪም፣ ነጋዴውም፣ ከአረብ አገር የተመለሰችው ልጅም በአንድ ዓይነት አዲስ ሶፋ ላይ ተቀምጠው እናያቸዋለን። ሦስት የተለያየ ሕይወት የኖሩ ሰዎች ሳሎናቸው አንድ ሲሆን፣ ተዋናዩ የቱንም ያህል ቢደክም ታሪኩ ግማሽ እምነታችንን አጥቶ ይጀምራል።

ያ ወጣት በሚቀጥለው ፊልም ምን ይሆናል? እዚያው ነው። ከበላዩ ሆኖ የሚያርመው፣ ከሥሩ ሆኖ የሚያግዘው የለም። በአምስተኛውም ፊልም ላይ ሥራው ዕቃ ማፈላለግ ነው። ትዳር ሲይዝ ወይም የቤት ኪራይ ሲጨመርበት ወደ ሰርግ ዲኮር ይሄዳል። እዚያ ደንበኛው ቀኑን ቀድሞ ይቆርጣል፣ ቀብድ ይከፍላል፣ ንድፍ አሳየኝ ይላል፣ ስለ ቀለም አብሮት ይከራከራል። አንዳንዱ ማስታወቂያ ውስጥ ይገባል፣ አንዳንዱ የኤግዚቢሽን ዳስ ይሠራል። ሄዱ ብዬ አልወቅሳቸውም፤ በሙያቸው የተከበሩበት ቦታ ነው የሄዱት።

ሙያው በሌላ አገርም ቢሆን ሰው ሥልጣን ሰጥቶት ነው የቆመው። እ.ኤ.አ. በ1939 በወጣው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ላይ ፕሮዲውሰሩ ዴቪድ ሴልዝኒክ ዊልያም ካሜሮን ሜንዚስን ከቀረጻው በፊት ትዕይንቶቹን በሥዕል እንዲነድፍ፣ የፊልሙም መልክ በእሱ እጅ እንዲያልፍ አደረገ። የፕሮዳክሽን ዲዛይነርነት መጠሪያ በሆሊውድ የታወቀው ከዚህ ሥራ ጋር ነው። በሩን የከፈተው ገንዘቡን የያዘው ሰው መሆኑን ፕሮዲውሰሮቻችን ልብ ይበሉልኝ።

ኬን አዳምን እንውሰድ። በርሊን ተወልዶ፣ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ከናዚዎች ሸሽቶ እንግሊዝ የገባ፣ አርክቴክቸር የተማረ፣ በጦርነቱ ተዋጊ አውሮፕላን ያበረረ ሰው ነው። በ1947 ፊልም ውስጥ ሲገባ የተሰጠው ቦታ የንድፍ ሠራተኛነት ነበር። ከዚያ ረዳት አርት ዳይሬክተር፣ ከዚያ አርት ዳይሬክተር ሆነ። የጄምስ ቦንድን የመጀመሪያ ፊልም «ዶክተር ኖ»ን በ1962፣ የ«ዶክተር ስትሬንጅላቭ»ን ዝነኛ የጦር ክፍል በ1964 ያየነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሃና ቢችለር ደግሞ በሌላ በር መጣች። መጀመሪያ ፋሽን ዲዛይን፣ ቀጥሎ ኦሃዮ ውስጥ ፊልም ተማረች። ራያን ኩግለር የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን «ፍሩትቬል ስቴሽን»ን ሲሠራ ዲዛይነሩ እሷ ነበረች፤ በ«ክሪድ»ም፣ በ«ብላክ ፓንተር»ም መልሶ ጠራት። በዚህ ፊልም ላለችው ምናባዊ አገር፣ ለዋካንዳ ብቻ 500 ገጽ ያህል የንድፍ መጽሐፍ አዘጋጀች። በ2019 በዚህ ዘርፍ ኦስካር የወሰደች የመጀመሪያዋ ጥቁር ባለሙያ ሆነች። የሁለቱ መንገድ ፈጽሞ አይመሳሰልም፤ ስለዚህ «እንደነሱ ትምህርት ቤት ስለሌለን ነው» የሚለው ሰበብም አያስኬድም። ሁለቱም ግን ጊዜና ገንዘብ ተሰጥቷቸዋል፣ ደግሞ የጠራቸው ሰው ነበር።

«ያ ሆሊውድ ነው፣ የኛ የፍቅርና የቤተሰብ ታሪክ ነው፤ ዲዛይን የሚያስፈልገው ለታሪካዊ ፊልም ነው» ይሉኛል። በጣም የምቃወመው ይህንን ነው። የኮሪያዊው ዳይሬክተር የቦንግ ጁን-ሆ «ፓራሳይት» የሀብታምና የድሃ ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ የአማርኛ ፊልም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚተርከው ታሪክ። ዲዛይነሩ ሊ ሃ-ጁን የሀብታሞቹን ቤት ያሠራው ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ አስቦ ነው። የድሆቹን ሰፈር በጎርፍ እንዲዋጥ የውሃ ገንዳ ውስጥ ገነባው። ብርሃን የሚያገኘው ቤት የማን፣ ጎርፍ የሚገባበትም የማን እንደሆነ ስናይ፣ ታሪኩን ሰዎቹ ሳይናገሩት ይገባናል።

አዲስ አበባም እንዲህ ያለ የሚነበብ ነገር ሞልቷታል። ስክሪፕቱ ላይ «ድሃ ቤት» ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ ለዲዛይነር ምንም አይነግረውም። የቀበሌ ቤት ነው? ጭቃው ተልጦ ጋዜጣ የተለጠፈበት? ብርጭቆ የተደረደረበት ቡፌ አለ? ከቡፌው በላይ የመጀመሪያ ልጅ ጋዋን ለብሶ የተነሳው የምረቃ ፎቶ ተሰቅሏል? ከአጠገቡ የባንክ ካላንደር አለ፣ ያለፈው ዓመት ነው ወይስ የዘንድሮ? ቢጫ ጀሪካኖቹ ስንት ናቸው፣ ውሃ በሳምንት ስንቴ ይመጣል? ኮንዶሚኒየም ከሆነስ አራተኛ ፎቅ ላይ እንጀራ የሚጋገረው የት ነው? ልጇን ለማስመረቅ ጉልት የቸረቸረች እናት ግድግዳዋ ላይ የምትሰቅለውን የሚያውቅ ሰው፣ ገጸ ባሕርይዋን ከደራሲው እኩል እየጻፈ ነው። ይህንን «ዕቃ ማምጣት» ብሎ መጥራት ሙያውን መናቅ ብቻ ሳይሆን ፊልሙንም ማራቆት ነው።

የገንዘብ እጥረቱ እውነት ነው። የሲኒማ ገቢ አስተማማኝ አይደለም፤ ዕቃውም ኪራዩም ተወዷል። ነገር ግን ቀድሞ የገባ ዲዛይነር ወጪ ይቆጥባል። ካሜራው የሚያየውንና የማያየውን ከዳይሬክተሩና ከካሜራ ባለሙያው ጋር ተስማምቶ፣ የሚታየውን ብቻ ያሠራል። የ«ፓራሳይት» ቤት እንኳ ከውጭ ሲታይ የላይኛው ፎቁ በኮምፒውተር የተሟላ ነው፤ ያልተገነባው የታቀደ ስለነበር ነው። እኛ ጋ ግን ቀረጻ ቦታ ከተደረሰ በኋላ ግድግዳው አይሆንም ይባላል፣ መኪና ለዕቃ ይላካል፣ ተዋናዩና መብራት ሠራተኛው ቁጭ ብለው ይውላሉ። ይህ ሁሉ ክፍያ ነው፤ የዲዛይን ወጪ ተብሎ ስለማይመዘገብ ብቻ አይታየንም።

ሰው አለ ያልኩትም በምክንያት ነው። የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሠዓሊና ቀራፂ ያወጣል። አርክቴክቶች በየዓመቱ ይመረቃሉ። በሀገር ፍቅርና በብሔራዊ ቴአትር የመድረክ ዲኮር የሚሠሩ፣ ሳንቃን ድንጋይ አስመስለው የሚቀቡ እጆች አሉ። እነዚህን ሰዎች ፊልም ቤት ማን ጠራቸው? እንግዲህ ዲዛይነሩ ስክሪፕቱ በተገዛበት ሳምንት ይቀጠር። በውሉ ላይ የራሱ በጀት ይጻፍለት፤ ስፖንሰሩ የሚያውሰውን ዕቃም የመመለስ መብት ይኑረው። ከሥሩም ደመወዝ የሚከፈለው አንድ ረዳት ይመደብ፤ ንድፎቹ ከቀረጻው በኋላ እንዳይጣሉ፣ ለሚቀጥለው ሥራ ረዳቱ ይዟቸው ይምጣ።