ፎቶው ይነሣ፤ ወፉ አይነሣ!



ጥርና የካቲት ሲገባ የጣና ውኃ ከዳርቻው እየሸሸ ረግረጉና ሣሩ ይገለጣል። በዚህ ወቅት ከማክሰኝት ወደ ሐይቁ ወርደው የውኃ ወፎችን ፎቶግራፍ የሚያነሡ ወጣቶች አሉን። ደግ ነገር ነው። የምንቃወመው አነሣሡን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሬን ከሚባሉት ባለ ረጅም አንገት ወፎች መካከል ግራጫው እንግዳችን ነው፤ ከሰሜን አውሮጳና ከሩስያ መጥቶ በጋውን እኛ ዘንድ ይቆያል፤ በየካቲትና በመጋቢት ወደ አገሩ ይመለሳል። ባለ ዘውዱ ጥቁር ክሬን ግን የቤት ልጅ ነው፤ ቁጥሩ በመመናመኑም በዓለም ደረጃ ለአደጋ ከተጋለጡት ተቆጥሯል።

ግራጫው ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆሞ ያድራል፤ ጅብና ቀበሮ ሲመጣ የውኃው ድምፅ ያስታውቅበታልና። ሲነጋ ከታጨደ ማሳ ላይ የወደቀ እህል ይለቅማል። በሺህ ለሚቆጠር ኪሎ ሜትር መንገድ ስንቁ ይኸው ነው።

ታዲያ አንዳንዱ «ሲበር ነው የሚያምረው» ብሎ ድንጋይ ይወረውራል፤ ያፏጫል፤ ሮጦ ይገባበታል። ኧረ ተዉ! ወፉ ስንቁን በከንቱ ይጨርሳል። ከታጨደው ማሳ የተነሣው መንጋ ደግሞ ሄዶ ከጎረቤት ሽምብራ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ፎቶው የአንሺው፣ ኪሳራው የገበሬው! ገበሬ ለሰብሉ ሲል ወንጭፍ ቢያነሣ አይፈረድበትም። ለአንድ ፎቶ ብሎ ማባረር ግን ምን ይሉታል?

«ካልቀረብን በስልክ አይታይም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ የሞባይል ካሜራ ሩቁን አጥርቶ አያሳይም። ነገር ግን በእኛ በኩል ሐይቁ በስተ ምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችን ናት። ማልዶ ደርሶ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው መንጋው ራሱ ሊቀርበው ይችላል። ባይቀርብም፣ ወፉን ከነረግረጉ ያሳየ ፎቶ ከሁሉ ይበልጣል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ሆኖም ረግረጉ ሲታረስ፣ በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው እንቦጭም ዳርቻውን ሲወርስ አይተናል። በየዓመቱ ከአንድ ቦታ የተነሣ፣ ቀን የተጻፈበት ፎቶ ምን እንደ ቀረና ምን እንደ ጠፋ ይመሰክራል።

ስለዚህ ወፍ አናባርር፤ ማሳ ከመግባታችን በፊት ባለቤቱን እናስፈቅድ፤ በክረምት ባለ ዘውዱ ሲፈለፍል ጎጆውን አንጠጋ። ጥሩ ፎቶ ያለው ቀኑንና ቦታውን ጽፎ ያምጣልን፤ በዚህ ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን። በድንጋይ የተነሣውን ግን አንለጥፍም።